ኮምቦልቻና ሐይቅ ለሚሠሩ ባልና ሚስት ደሴ ላይ ቤት መከራየት፦ የሰፈሮቹ፣ የትራንስፖርቱና የደላላው ግምገማ

በደቡብ ወሎ ባልና ሚስት ጧት ከአንድ በር ወጥተው በተቃራኒ አቅጣጫ ወደ ሥራ መሄዳቸው የተለመደ ነው። ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቁ፣ በብረታ ብረቱ፣ በቆዳውና በቢራ ፋብሪካው ምክንያት ከደሴ ሠራተኛ ስትስብ የኖረች ከተማ ስትሆን፣ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተመርቆ ሲከፈት ደግሞ ሌላ የሥራ በር ተጨምሮላታል፤ በሌላው በኩል መምህሩ፣ ነርሷና የግብርና ባለሙያው እንደ ምደባቸው ወደ ሐይቅ፣ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ኩታበር ይወጣሉ። እኔ የማስተምረው ሐይቅ ከተማ ነው፤ ባለቤቴ የሚሠራው ኮምቦልቻ፣ በሦስት ፈረቃ በሚንቀሳቀስ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ቤት ስንፈልግ የተመለከትናቸውን ሰፈሮች፣ በየቀኑ የምንሳፈርበትን ትራንስፖርትና ያዞረንን የደላላ አገልግሎት እዚህ የምገመግመው እንደኛው ባለ ሁኔታ ቤት ለሚፈልጉ ተከራዮች ይጠቅማል በሚል ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ላስቀምጥ። በሁለት አቅጣጫ ለሚሠሩ ሰዎች ጥሩ ቤት ማለት ከሁለቱ መሥሪያ ቤቶች እኩል የሚርቅ ቤት አይደለም፤ ከሁለቱ መካከል ማታ ለመመለስ ይበልጥ የሚቸገረው ሰው ሳይጉላላ የሚገባበት ቤት ነው። ቤት ፈላጊ ሁሉ የሚያሰላው የጧቱን ጉዞ ነው፤ ሥራ የሚረፈደው ጧት ስለሆነ ይህ አያስገርምም። ነገር ግን ጧት መኪናው አለ፣ ሰዉ አለ፣ ብርሃኑም አለ። ተከራይን ከቤቱ የሚያማርረው ከሥራ መልስ ያለው ሰዓት ነው፤ ስለዚህ ከዚህ በታች የምሰጠው ብያኔ ሁሉ በዋናነት የማታውን መልስ የሚመዝን ነው።

በመጀመሪያ ሁለቱን መንገዶች እንደ አገልግሎት እንያቸው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ይሁን እንጂ ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ያለች በመሆኗ፣ መንገዱ በሐረጎ ጠመዝማዛ በኩል ወደ ስድስት መቶ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት የሚወርድ ነው። ስለሆነም መሄዱና መመለሱ እኩል ጊዜ አይፈጅም። ጧት ሲወርዱ ሚኒባሱ ይንሸራተታል፤ ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ ግን ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል መጥቶ ወደ ሰሜን የሚወጣ ተሳቢ ከፊት ካለ፣ መቅደም በማይቻልበት ኩርባ ሁሉ ከኋላው እየተንፏቀቁ መውጣት ግድ ነው። በክረምት ደግሞ ጉሙ ሐረጎ ላይ ሲወርድ ሾፌሩ መብራቱን አብርቶ የአስፋልቱን ጠርዝ እየፈለገ ይነዳል። በዚህ መንገድ ላይ የሚመሰገነው የመኪናው ብዛት ነው፤ ሚኒባሱም ሆነ ዶልፊኑ ቀኑን ሙሉ ስለሚመላለስ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ካለው ግፊያ በስተቀር ለረጅም ጊዜ ቆሞ መጠበቅ እምብዛም የለም።

ወደ ሐይቅ የሚወስደው የወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ እንደ ሐረጎ የሚያስፈራ ቁልቁለት የለበትም፤ ኩርባው የረገበ፣ ዕይታውም የሚያምር ነው። የዚህ መስመር ችግር መኪና አለመብዛቱ ነው። ጧት ከደሴ መናኸሪያ የሚነሳው ሚኒባስ ሰው ሞልቶ በጊዜ ይወጣል። ከሰዓት በኋላ ግን ሐይቅ ላይ ቆሞ ወደ ደሴ መኪና የሚጠብቅ ሰው ሁለት ዓይነት መኪና ያያል፦ አንደኛው ከወልድያ፣ ከመርሳና ከውጫሌ ሞልቶ መጥቶ ሳይቆም የሚያልፈው፣ ሁለተኛው እዚያው ሐይቅ ላይ ተራ ይዞ እስኪሞላ የሚጠብቀው። ከአሥራ አንድ ሰዓት በኋላ ሁለተኛው ዓይነት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከአሥራ ሁለት ሰዓት በኋላ ረዳቱ «አንድ ሰው፣ አንድ ሰው» እያለ የሚጠራው መቀመጫ ለሦስት በተሠራው ወንበር ላይ አራተኛ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ ያም ሆኖ ተሳፋሪው ይገባል። የወላጆች ስብሰባ ወይም የፈተና እርማት ባለበት ቀን የማመሸው ለዚህ ወንበር ነው ማለት ነው። ለኮምቦልቻው መስመር ከአምስት አራት የምሰጥ ከሆነ፣ ለሐይቁ የማታ መልስ ከሁለት በላይ ለመስጠት እጄ አይታዘዝልኝም።

በዚህ ላይ የፋብሪካ ሰርቪስ የሚባለው ነገር ስሌቱን ሁሉ ይለውጠዋል። የባለቤቴ ፋብሪካ ለፈረቃ ሠራተኞቹ አውቶቡስ ይመድባል፤ አውቶቡሱ በዋናው አስፋልት ላይ በታወቁ ፌርማታዎች እየቆመ ይጭናል፣ በዚያው ያወርዳል። ፈረቃው ከጧቱ አንድ እስከ ዘጠኝ፣ ከዘጠኝ እስከ ምሽቱ አምስት፣ ከምሽቱ አምስት እስከ ጧቱ አንድ ሰዓት በመሆኑ፣ በየትኛውም ፈረቃ ቢገባ መመለሻው የተረጋገጠ ነው። በወሬ ደረጃ «ሌሊት የሚሠራው እሱ ስለሆነ ቤቱ ለእሱ ይቅረብ» የሚል ምክር ከዘመድም ከጎረቤትም ሰምተናል፤ ምክሩ ቅን ቢሆንም አልተቀበልነውም። ሰርቪስ ያለው ሰው የሚያስፈልገው ወደ ፌርማታው ቅርብ መሆን ብቻ ነው፤ ሰርቪስ የሌለው ሰው ግን መናኸሪያው፣ መንገዱና ምሽቱ ሁሉ ይመለከቱታል። አውቶቡሱ ለሠራተኛው ሁሉ ወይስ ለፈረቃ ሠራተኛ ብቻ እንደሆነ፣ ቅዳሜና በዓል ይሠራ እንደሆነ፣ የትርፍ ሰዓት ሥራ በሚኖርበት ቀን ሠራተኛውን ማን እንደሚያደርሰው ቤት ከመፈለግ በፊት አሠሪውን መጠየቅ ይገባል፤ የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሰፈሩን ምርጫ ግማሽ ያህል ይወስናል።

ወደ ከተሞቹ ስመጣ፣ ኮምቦልቻ ላይ መከራየት በብዙ ወገን የሚያጓጓ ነው። ከተማዋ ሜዳ ላይ ያለች በመሆኗ እግር አይደክምም፣ አየሩ ሞቃታማ ነው፣ ገበያው ሙሉ ነው፣ ለባለቤቴም ሥራው በባጃጅ የሚደረስበት ይሆናል። እዚያ ያየናቸው የኪራይ ቤቶች ግን በአብዛኛው ለፋብሪካ ሠራተኛ ተብለው የተሠሩ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን የተደረደሩ አንዳንድ ክፍሎች ናቸው፤ ሁለትና ሦስት ልጆች ኪራዩን እየተካፈሉ እንዲኖሩባቸው የታሰቡ ስለሆነ ባለቤቶቹ ኪራዩን የሚተምኑት በክፍል ሳይሆን በራስ ቁጥር እስኪመስል ድረስ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ግን የእኔ ጉዞ ነበር። ከኮምቦልቻ ሐይቅ ለመድረስ ደሴ ላይ ወርዶ መኪና መቀየር ያስፈልጋል፤ በወር 22 የሥራ ቀን ብናስብ ደሴ ላይ ለሚኖር ሰው 44 የነበረው ጉዞ 88 ይሆናል፣ ታሪፉም ሁለት፣ ወረፋውም ሁለት ይሆናል። ሁለቱም ወደ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ከሆነ፣ ወይም አንዱ ወደ ሐርቡና ወደ ከሚሴ የሚሄድ ከሆነ ኮምቦልቻን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ ወደ ሰሜን የሚሄድ ሰው ላለበት ቤት ግን አይሆንም።

ሐይቅ ላይ መከራየትን ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው ያሰብንበት። ኪራዩ ይቀላል፣ ዓሣው ትኩስ ነው፣ ሐይቁም ደጅ ላይ ነው። ነገር ግን የፋብሪካው ሰርቪስ ከደሴ አያልፍም፤ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከፈረቃ የሚወጣ ሰው ደሴ ላይ ማደሪያ ከሌለው በቀር ሐይቅ የሚገባበት መንገድ የለም።

ስለዚህ ምርጫው ደሴ ነበር፤ ጥያቄው የደሴ የትኛው ክፍል የሚለው ነው። ደሴን የማያውቅ ሰው ከተማዋ በምዕራብ በጦሳ፣ በምሥራቅ በአዝዋ ገደል ተጨምቃ ከሰሜን ወደ ደቡብ የረዘመች መሆኗን ልብ ይበል። ወደ ጎን መስፋት ስላልቻለች በርዝመቷ አድጋለች፤ በዚህም ምክንያት ወደ ወልድያ መውጫ ካለው ጫፍ ወደ ኮምቦልቻ መውጫ ካለው ጫፍ ለመድረስ በከተማዋ ውስጥ ብቻ የሚያልፈው ጊዜ ከሐይቁ መንገድ ደህና ቁራጭ ይወስዳል። ሰኞ የገበያ ቀን በመሆኑ በሰኞ ገበያ በኩል የሚያልፍ ሰው በግ፣ ጋሪ፣ ተሸካሚና ባጃጅ አቋርጦ የሚሄድበትን ጊዜ ጨምሮ ማሰብ አለበት።

በሰሜኑ ጫፍ፣ በጢጣ በኩል ያየናቸው ቤቶች በግንባታ ጥራታቸው ከሁሉ የሚበልጡ ነበሩ፦ አዲስ የብሎኬት ቤት፣ ሴራሚክ ወለል፣ ሻወርና ሽንት ቤት በውስጥ፣ ለብቻው የሆነ ቆጣሪ። በካርታ ሲታይ ወደ ሐይቅ መውጫ ላይ ስለሆነ ለእኔ የተሠራ ይመስላል። እዚህ ላይ ግን ከመናኸሪያ ርቆ የሚኖር ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ፤ ዳር ያለ ቤት ለመውረድ እንጂ ለመሳፈር አይመችም። ማታ ከሐይቅ ስመለስ ረዳቱን «ወራጅ አለ» ብዬ ደጄ ላይ እወርዳለሁ፤ ጧት ግን ሚኒባሱ መናኸሪያ ላይ ሞልቶ ስለሚነሳ ጢጣ ሲደርስ አይቆምም፤ ቢቆምም ያው አራተኛ ሆኖ ለመቀመጥ ነው። ስለዚህ ጢጣ የሚኖር የሐይቅ ተጓዥ ጧት ወደ ኋላ ወደ መናኸሪያ በታክሲ ተመልሶ፣ ከዚያ በሞላው ሚኒባስ በደጁ በኩል መልሶ ያልፋል። የማታው መልስ ከሁሉ ይበልጣል ብዬ ስለምመዝን፣ ይህ ጉድለት ብቻውን ጢጣን አይጥለውም ነበር፤ የጣለው ውስጥ ለውስጥ ያለው መንገድ ነው። ያየነው ቤት ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ኮብልስቶን ባልደረሰበት ተዳፋት ላይ ነበር፤ ባለቤቴ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ከሰርቪስ ወርዶ በክረምት ጭቃ፣ መብራት በሌለበት፣ ባጃጅ በማይገኝበት ሰዓት ያንን ዳገት ብቻውን ሊወጣ አይገባም። አስፋልቱ ዳር ተመሳሳይ ቤት ያገኘ ሰው ግን ጢጣን ይያዘው፤ በተለይ ወደ ሰሜን የሚሄደው የመንግሥት ሠራተኛ መሥሪያ ቤቱ መኪና የሚልክለት ከሆነ ከዚያ የተሻለ ሰፈር አላየሁም።

ስለ ሴራሚክ ወለል አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ደላሎች ሴራሚክ የሚለውን ቃል በጣም ይወዱታል፣ ኪራዩም በእሱ ይጨምራል። ደሴ ግን ብርዳም ከተማ ናት፤ ሐምሌና ኅዳር ላይ ሴራሚክ በባዶ እግር የሚረገጥ አይደለም። አሮጌው የጭቃ ቤት ኮርኒሱ ከተጠበቀና ግድግዳው ካልተሰነጠቀ የበለጠ ይሞቃል፣ ለዋጋም ይቀላል።

በደቡቡ ጫፍ፣ ወደ ኮምቦልቻ መውጫ ያሉት ሰፈሮች ለሰርቪሱ የተመቹ ናቸው፤ አውቶቡሱ መጨረሻ የሚጭነውና መጀመሪያ የሚያወርደው እዚያ በመሆኑ ባለቤቴ ጧት ግማሽ ሰዓት ያህል ይበልጥ ይተኛ ነበር። ለእኔ ግን ከሁለቱም ዓለም የከፋው ይሄ ነው። ጧት ከተማዋን በሙሉ አቋርጬ መናኸሪያ ልድረስ፣ ማታ ደግሞ ከሐይቅ አምሽቼ ገብቼ እንደገና የከተማ ታክሲ ልያዝ። የከተማ ታክሲው ማታ የሚሠራው እየሳሳ ነው፤ ባጃጅ ደግሞ ሲመሽ በኮንትራት ካልሆነ አይሄድም፣ የኮንትራቱ ዋጋ አንዳንዴ ከሐይቅ ያመጣኝን ታሪፍ ይበልጣል። በጸጥታ ምክንያት የምሽት እንቅስቃሴ በሚገደብበት ወቅት ደግሞ በዋጋም አይገኝም። በዚህ ሰፈር ያየነው ቤት ጥሩ ነበር፤ ባለቤቲቱም ደግ ነበሩ፤ ቤቱን የተውነው በዚህ ምክንያት ብቻ ነው።

የቀረው መሃሉ ነው። ከፒያሳ እስከ ሰኞ ገበያ፣ ከዚያም ወደ ሆጤ በሚወስደው በኩል ከመናኸሪያው በእግር የሚደረስባቸው ሰፈሮች በቤት ጥራት ከሁሉም ያንሳሉ፣ በኪራይ ግን አያንሱም። ቤቶቹ በአብዛኛው አሮጌ ናቸው፤ አንድ ግቢ ውስጥ ዋናው ቤት ከፊት፣ ሰርቪስ ክፍሎች ከኋላ፣ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ቆጣሪውም የጋራ። ያም ሆኖ የወሰንነው ለዚህ ነው። ጧት በእግሬ መናኸሪያ ደርሼ ወንበር መርጬ እቀመጣለሁ፤ ማታ ምንም ያህል ባመሽ መጨረሻ የምወርድበት ቦታና ቤቴ መካከል ሱቁ ክፍት፣ መብራቱ በርቶ፣ ሰው እየተመላለሰ ነው። የፋብሪካው ሰርቪስም በዋናው መንገድ ስለሚያልፍ ባለቤቴ ከፌርማታው የሚራመደው አጭር ነው። ሁለታችንም ትንሽ ትንሽ እናጣለን እንጂ አንዳችን ሁሉንም አንሸከምም።

ቤቱን ስናይ የተደረገውን በጥቂቱ ላስረዳ፤ ምክንያቱም ሁሉም ነገር የሚታየው እዚያ ነው። ባለቤቲቱን ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን፤ ቡናው እንዳይቀዘቅዝ ጀበናውን ከሰሉ ላይ እንዳስቀመጡ በሩን ከፍተው አስገቡን። ደላላው ስለ ግድግዳው ቀለም ሲያወራ ባለቤቴ ከግቢው ጥግ ያለውን ሮቶ አንኳኳ፤ ድምፁ ከታች እስከ ላይ ባዶ ነበር። እትዬ ምንም ሳይደብቁ «አብሽሩ ልጆቼ፤ ውሃው በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ ሌሊት ስለሆነ የሚመጣው እኔው ተነስቼ እሞላዋለሁ፤ እናንተ ጀሪካናችሁን ደጃፍ ላይ ማድረግ ብቻ ነው» አሉ። ቀጥለው «ምጣድ ግን በእኔ ቆጣሪ አይቻልም» ሲሉ ደላላው ጣልቃ ሊገባ ሞከረ። ተዉት አልነው፤ እውነታቸውን ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሦስት ኪሎ ዋት በላይ ይስባል፤ በጋራ ቆጣሪ ላይ ሁለት ቤተሰብ ምጣድ ከጣደ ከሂሳቡ ማን ምን ያህል ይክፈል የሚለው ጭቅጭቅ ወር በገባ ቁጥር ይነሳል። እኛም ማታ ሁለት ሰዓት ደርሶ እንጀራ የምንጋግርበት ጉልበት ስለሌለን፣ ከእትዬ ጎረቤት እንጀራ ለመግዛት ተስማምተን ነገሩ በዚያ አለቀ።

ፈረቃ የሚሠራ ሰው ያለበት ቤተሰብ ከርቀቱ እኩል የሚመረምረው ነገር የቀን እንቅልፍ ነው። ከጧቱ አንድ ሰዓት ከሥራ የሚወጣ ሰው ቤቱ ገብቶ ሊተኛ የሚችለው ሌላው ሰው ሁሉ በሚነቃበት ሰዓት ነው። ክፍሉን ከጎረቤት የሚለየው ችፑድ ከሆነ የጎረቤት ሬዲዮ የእርሱ ሬዲዮ ነው፤ ግቢው ውስጥ የእንጨት ሥራ ወይም የብረታ ብረት ብየዳ ካለ ደግሞ ጨርሶ አይታሰብም። ባጃጅ ተራ የሚይዝበት ጥግ፣ የጭነት መኪና የሚያራግፍበት መጋዘን፣ ቡና ቤት፣ እነዚህን ሁሉ ጧት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ሄዶ ማየት ያስፈልጋል። አንድ ሌላ ቤት፣ በሁሉም ነገር የሚሻለን፣ የተውነው ከኋላው ወፍጮ ቤት ስለነበረ ነው። ወደ መንገድ የተከፈተ መስኮት ያለውን ክፍል ሳሎን፣ ወደ ጓሮ የዞረውን መኝታ ቤት ማድረግ ቀላል መፍትሔ ነው፤ አንድ ክፍል ብቻ ለሚከራዩ ግን ይህ ምርጫ የለም፤ የፈረቃ ሠራተኛ ያላቸው ባልና ሚስት ቢያንስ ሁለት ክፍል መከራየታቸው ቅንጦት አይደለም የምለውም ለዚህ ነው።

ስለ ደላላ አገልግሎቱ ያለኝ አስተያየት የተደበላለቀ ነው። ያለ ደላላ ደሴ ላይ ቤት መፈለግ ይቻላል፤ ሱቅ ጠይቆ፣ «የሚከራይ ቤት አለ» የሚል ወረቀት በር ላይ አንብቦ፣ በሥራ ባልደረባ በኩል አስጠይቆ ማግኘት የተለመደ ነው። ሁለታችንም በሥራ ቀን ከከተማ የምንወጣ በመሆናችን ግን ጊዜው አልነበረንምና ደላላ ያዝን። ፈጣን መሆኑን አልክድም፤ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብቻ ብዙ ቤት አሳይቶናል፣ ስልኩንም ሁልጊዜ ያነሳል። የሚያሳዝነው የፈለግነውን ሳይሆን እጁ ላይ ያለውን የሚያሳይ መሆኑ ነው። ወዴት ወዴት እንደምንሠራ ስንነግረው እያንዳንዱን ቤት «እህቴ፣ ይሄ እኮ ለሁለታችሁም መሃል ነው» እያለ አሳየን፤ ጢጣም መሃል፣ ኮምቦልቻ መውጫም መሃል፣ በገራዶ በኩል ከሁለቱም መንገድ ውጭ የሆነውም መሃል። ቤቱን በአሥራ ሁለት ተኩል እንዲያሳየን ስንጠይቀውም አልወደደውም፤ «ቤት በቀን ነው የሚታየው» አለ። ለቀለሙና ለጣሪያው እውነቱን ነው። ለመንገዱ፣ ለመብራቱ፣ ለባጃጁና ለሰፈሩ ድባብ ግን በማታ ነው የሚታየው፤ በማታ አሳይ ሲባል የሚያንገራግር ደላላ ከመንገዱ የሚደብቀው ነገር አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። የኮሚሽኑን መጠንና ከማን እንደሚቀበል ከመነሻው በግልጽ መነጋገር አለበት፤ ከአከራይም ከተከራይም ተቀብሎ ሁለቱንም «ለእናንተ ስል ነው» የሚለው ጥቂት አይደለም።

ዋጋን በተመለከተ ኪራዩን ብቻ አነጻጽሮ መወሰን አሳሳች ነው። የምመክረው ስሌት ይህ ነው፦ ለእያንዳንዱ ቤት የወሩን ኪራይ፣ የሁለቱንም ሰዎች የደርሶ መልስ ታሪፍ በሥራ ቀናቸው ልክ፣ የከተማ ውስጥ ታክሲውን፣ በወር ውስጥ ያመሹበታል ተብሎ ለሚገመተው ቀን የባጃጅ ኮንትራቱን በአንድ ላይ መደመር። የመንግሥት ሠራተኛው 22 ቀን፣ ቅዳሜን የሚጨምረው የፋብሪካ ሠራተኛ 26 ቀን ይያዝለት። በዚህ መንገድ ስንደምር በኪራይ ረገድ ርካሽ የመሰለን የደቡቡ ቤት ከመሃሉ ጋር እኩል ሆነ፤ ጢጣ ደግሞ ከሁለቱም ትንሽ ተወደደ። ነዳጅ በጨመረ ቁጥር ታሪፍ ስለሚከለስ፣ ዛሬ እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች ነገ እኩል አይሆኑም፤ ጉዞ የሚያበዛው ቤት ጭማሪውን ሁሉ ይሸከማል።

ውሉን በሚመለከት የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆን፣ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ደሴ ላይ ያነጋገርናቸው አከራዮች አንዳንዶቹ አሁንም የስድስት ወር ቅድሚያ ይጠይቃሉ፤ አዋጁን ስናነሳ አንዱ ስቆ «እንግዲያው አዋጁ ያከራያችሁ» አለን። ያም ሆኖ በጨዋ ቋንቋ ማንሳቱ አይከፋም፤ እትዬ ራሳቸው ቅድሚያ የጠየቁት የሁለት ወር ነው። የሁለት ዓመት ውል እንደኛ ላለ ቤተሰብ ጥበቃ የመሆኑን ያህል ሊያስጨንቅም ይችላል፤ መምህር ዝውውር ይደርሰዋል፣ የፋብሪካ ሠራተኛም ፈረቃው ወይም መሥሪያ ቤቱ ይለወጣል። በዚህ ምክንያት ውሉ ላይ ተከራይ ሲለቅ ከምን ያህል ጊዜ በፊት ማሳወቅ እንዳለበት፣ የተረፈው ቅድሚያ ክፍያ እንዴት እንደሚመለስ፣ የመብራትና የውሃው ድርሻ በምን እንደሚሰላ በጽሑፍ እንዲሰፍር አድርገናል።

ቤቱ እንከን የለውም አልልም። ውሃው እንደተባለው ሌሊት ይመጣል፤ እትዬ ያልተነሱ ዕለት ባዶ ሮቶ ይዘን እናድራለን። ሽንት ቤቱ የጋራ በመሆኑ ጧት ተራ አለ፤ ለሁለት አቅጣጫ ቀድሞ ለሚወጣ ሰው ይህ ከታክሲ ወረፋ አይተናነስም። ባለቤቴ ከደሴ ብርድ ጃኬት ለብሶ ወጥቶ ኮምቦልቻ ሲደርስ አውልቆ በክንዱ መያዙ ግን የቤቱ ጥፋት አይደለም። በአጠቃላይ ለቤቱ ከአምስት ሦስት፣ ለቦታው አራት ተኩል እሰጣለሁ፤ በተቃራኒው፣ ለቤቱ አምስት ለቦታው ሁለት ሊሰጥ የሚችለውን የጢጣውን ቤት የመረጡ የሥራ ባልደረቦች አሉኝና በእኔ መስፈርት ሁሉም እንዲመራ አልጠብቅም። ልጅ ያላቸው ደግሞ ከሁለቱም መንገድ በፊት የትምህርት ቤቱንና ልጁን የሚያነሳውን ሰው ጉዳይ ይወስኑ፤ ያ ሌላ ስሌት ነው።

ከመፈራረማችን በፊት የተነጋገርንበት የመጨረሻው ጉዳይ የግቢው በር ነው፤ አብዛኛው ተከራይ ይህን የሚያነሳው ከገባ በኋላ ነው። እትዬ በሩን ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ላይ ይዘጋሉ፣ ውሻቸውንም ይፈታሉ። ከዘጠኝ እስከ ምሽቱ አምስት የሚሠራ ሰው ያለው ቤተሰብ በዚህ ልማድ ሊገባ አይችልም፤ አሮጊት ሴትን በየሌሊቱ ከእንቅልፍ መቀስቀስም አይገባም። በመጨረሻ ለባለቤቴ የራሱ ቁልፍ እንዲቀረጽለት፣ ውሻውም እስኪለምደው ድረስ ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታስሮ እንዲያድር ተስማማን፤ ቁልፉን ያስቀረጽነው እኛ ነን፣ በውሉም ላይ ተጽፏል።